የካቲት ላይ ባዶ የተገኘው ቀፎ፦ ከሐዋሳ ዳርቻ የሁለት ጀማሪ አናቢዎች ጉዳይ

ጉዳዩ የእህትና የወንድም ነው። ከሐዋሳ ወጣ ብሎ በሐዌላ ቱላ በኩል፣ እንሰት፣ ቡና፣ አቮካዶና ጥቂት ጫት ባለበት የቤተሰብ ጓሮ ውስጥ በሦስት ባለፍሬም ቀፎ (ተነቃይ የእንጨት ክፈፍ ባለው ዘመናዊ ሳጥን) ንብ ማነብ ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ ደስ የሚል ማር ቆረጡ። የካቲት አጋማሽ ላይ ግን ሁለተኛው ቀፎ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ አንደኛው ለመሄድ ተቃርቧል፤ ሦስተኛው ደህና ነው። ሦስቱም በአንድ ጓሮ፣ በጥቂት እርምጃ ልዩነት የተቀመጡ ናቸው። አንዱ ሄዶ ሌላው ለምን ቀረ የሚለው ጥያቄ ለጀማሪ ብዙ ያስተምራልና እስከ ሥሩ ሄደን እናየዋለን።

የሰፈሩ ሰው መልስ ለመስጠት አልዘገየም። አንዳንዱ «የሰው ዐይን ነው» አለ፤ ሌላው ንብ ዘመናዊ ቀፎ አይወድም አለ። ሁለተኛው አባባል በብዙ ቦታ ስለሚደጋገም ሰው አምኖበት ቀፎውን ዶሮ ማደሪያ ሲያደርገው ይታያል። ሳጥኑ ግን ጥፋት የለበትም። ንብ ምግብ፣ ጥላና ሰላም ካገኘ በግንድ ቀፎም፣ በጭቃ ቀፎም፣ ዛንደር በሚባለው ባለፍሬም ቀፎም ይኖራል።

ባዶውን ቀፎ መመርመር

ባዶ ቀፎ ያገኘ ሰው ቶሎ አጽድቶ ሌላ ንብ ለመጥራት ይቸኩላል። ከማጽዳቱ በፊት ግን ፍሬሞቹን አንድ በአንድ አውጥቶ በፀሐይ ብርሃን ማየት አለበት፤ ንቡ ለምን እንደሄደ የሚናገረው የተተወው እንጀራ፣ ማለትም ንቡ ከሰም የሠራው ባለቀዳዳ ቤት ነው።

ንብ ከቀፎ የሚጠፋባቸው መንገዶች የየራሳቸው ምልክት አላቸው። በመርዝ ያለቀ ከሆነ በሩ ላይና ወለሉ ላይ የሞተ ንብ ተከምሮ ይገኛል፤ የብዙዎቹ ምላስ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ነው፤ ማሩና እጩም (ገና ትል መሰል የሆነው የንብ ልጅ) በቦታው አለ። ጉንዳን ገብቶበት ወይም ሰው አውኮት በድንገት የኮበለለ ከሆነም እንዲሁ እጩን፣ ሙሽሬውን (ቀዳዳው ተሸፍኖ ወደ ንብነት የሚለወጠውን) እና ማሩን ትቶ ነው የሚሄደው፤ ጉንዳን ከሆነ ግን የተተወውን ሙልጭ አድርጎ ስለሚበላው ቶሎ ካልደረሱበት ምልክቱ ይጠፋል። መንጋው ተከፍሎ ከሆነ ቀፎው ባዶ አይሆንም፤ ግማሹ ንብ ይቀራል፣ በእንጀራው ጠርዝም ወደ ታች የተንጠለጠለ የንግሥት ቤት ይታያል። በረሃብ የሚሄድ ንብ ግን ተዘጋጅቶ ነው የሚሄደው። ንግሥቲቱ መጀመሪያ እንቁላል መጣል ታቆማለች፣ ያለው ሙሽሬ ተፈልፍሎ እስኪያልቅ ይጠበቃል፣ የተረፈችው ማር ለጉዞ ትጠጣለች፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ቀን ይነሳሉ።

በሁለተኛው ቀፎ ውስጥ የተገኘው ይህ ነበር። 8 የተገነቡ እንጀራዎች፤ አንዲት ጠብታ ማር የለም። የአበባ ብናኝ በሁለት እንጀራ ጠርዝ ላይ ብቻ ደርቆ ቀርቷል። እንቁላልም እጭም የለም። የሙሽሬው ቀዳዳዎች ሁሉ ተፈልፍሎባቸው ንጹሕ ናቸው። ወለሉ ላይ ጥቂት የሞቱ ንቦች እንጂ ክምር የለም። በመሃል ሁለት እንጀራዎች ላይ የሰም ትል ድሩን አድርቶ ሰሙን እየቦረቦረ ነው።

ወንድም ትሉን ሲያይ ጥፋተኛውን ያገኘ መሰለው። ይህ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ብርቱ መንጋ የሰም ትልን ራሱ ለቅሞ ይጥላል፤ ትሉ የሚሠለጥነው ንቡ ሳስቶ የሚጠብቀው እንጀራ ሲበዛበት ወይም ጨርሶ ሲሄድ ነው። እዚህም የመጣው በኋላ ነው። ምልክቱ ሁሉ ወደ ረሃብ ያመለክታል።

ደብተሩ የተናገረው

እህት የምታየውን በደብተር ትጽፍ ነበር። ብዙ አልጻፈችም፤ ሆኖም ቀኑ ስላለ ታሪኩን መልሶ መገጣጠም ተቻለ።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ በባህላዊ ቀፎ ያሉ ሁለት መንጎች ገዝተው ወደ ፍሬም ቀፎ አዛወሩ። ጊዜው ትክክል ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባና መች የተባለው የሜዳ አበባ የፈነዳበት፣ ዋንዛው ያበበበት ወቅት ስለሆነ ንቡ ሰም ለመገንባት አቅም አለው። ሦስተኛውን ቀፎ ውስጡን በጠጅ ሳር አሽተው፣ በወይራ አጥነው ዛፍ ላይ ሰቀሉት፤ በጥቅምት አጋማሽ ንብ ገባበት። ከጥቂት ቀን በኋላ ማታ አውርደው አቮካዶ ሥር አስቀመጡት። ሁለቱ የተገዙት ግን ሜዳ ላይ፣ ቆርቆሮ ብቻ ለብሰው ቆሙ።

ኅዳር 25 ማር ተቆረጠ። ከአንደኛው ቀፎ የላይኛው የማር ክፍል በሙሉ፣ ከታችኛው የእጭ ክፍል ደግሞ ዳር ዳር የነበሩ 2 ፍሬሞች ተወሰዱ። ከሁለተኛው የማር ክፍሉና ከታች 3 ፍሬሞች። ሦስተኛው ዘግይቶ ስለገባ የማር ክፍል እንኳ አልተጨመረለትም፤ ምንም አልተነካም።

በታኅሣሥ ደብተሩ ባዶ ነው። ማር ከተቆረጠ ሥራ ያለቀ ይመስላልና ቀፎ አልተከፈተም። ጥር 12 ላይ አንድ መስመር አለ፦ «ንቡ ሲገባ እግሩ ላይ ቢጫ የለም።» ከዚህ የበለጠ ዋጋ ያለው ማስታወሻ በዚያ ደብተር ውስጥ የለም። ንብ በኋላ እግሩ የአበባ ብናኝ ተሸክሞ ካልገባ እጭ የሚመገበው የለም ማለት ነው፤ እጭ ካልተመገበ ንግሥቲቱ ታቆማለች። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል እስከ መውጣት 20 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ንግሥቲቱ በጥር ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ካቆመች የመጨረሻው ሙሽሬ የሚፈለፈለው በየካቲት ሁለተኛ ሳምንት ነው። ቀፎው ባዶ የተገኘው የካቲት 14 ነው። ሂሳቡ ይገጥማል፤ ጥር ላይ ቢደረስበት ኖሮ ንቡን ማትረፍ ይቻል ነበር ማለትም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር መነሣት አለበት። ሦስተኛው ቀፎ ማሩ ስላልተወሰደበት ብቻ ሳይሆን ጥላ ሥር ስለነበርም ሊሆን ይችላል የቀረው። እውነት ነው። ንብ የእጩን ክፍል በ34 እና በ35 ዲግሪ መካከል ለማቆየት ይደክማል፤ ቆርቆሮ ሲግል ብዙው ሠራተኛ አበባ መቅሰሙን ትቶ ውኃ ይቀዳል፣ በር ላይ ቆሞ በክንፉ ያራግባል። ጥር መጨረሻ ላይ ንቡ በሩ ላይ እንደ ጢም ተንጠልጥሎ እንደሚውል ደብተሩ ላይ አለ። ሆኖም አንደኛው ቀፎም እዚያው ፀሐይ ላይ ነበር፤ የተወሰደበት ማር ግን አነስ ይላል፤ እሱ ተዳክሞም ቢሆን ቀርቷል። ስለዚህ የእኛ ፍርድ ዋናው ምክንያት ረሃቡ ነው፣ ሙቀቱ ደግሞ ረሃቡን አፋጠነው የሚል ነው።

ጎረቤት ያሉት አዛውንት ባህላዊ አናቢ ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ እህትን በአጭሩ፣ «የኔ ልጅ፣ ስንቁን ወስዳችሁበት በምን ይክረም?» አሏት። እሳቸው ከግንድ ቀፎ ማር ሲቆርጡ ከኋላ በኩል ያለውን ብቻ ወስደው ወደ በሩ ያለውን ይተዋሉ። ፍሬም ቀፎ ይህን ሥራ ያቀልላል እንጂ አይሽረውም፤ የላይኛው የአናቢው ነው፣ የታችኛው የንቡ።

አንደኛውን ቀፎ ማዳን

አንደኛው ቀፎ ሲከፈት ንብ የሸፈነው 4 ፍሬም ብቻ ነው። ንግሥቲቱ አለች፤ እንቁላል ግን በመዳፍ በምትሸፈን ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚታየው። እንቁላል ማየት ለጀማሪ ይቸግራል፤ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ ፍሬሙን ዘንበል ሲያደርጉት በቀዳዳው ወለል ላይ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይተልቅ ረዘም ያለ ነጭ ነገር ቆሞ ይታያል። አንድ ቀዳዳ ውስጥ አንድ ብቻ መሆን አለበት። ሁለት ሦስት ሆኖ በግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ንግሥት የለችም፣ ሠራተኞች መጣል ጀምረዋል ማለት ነው፤ ያኔ መመገብ ብቻውን አያድነውም።

መጀመሪያ የተደረገው ቀፎውን ማጥበብ ነው። ንብ ያልሸፈናቸው ፍሬሞች ወጡ፤ 5 ብቻ ቀሩ፣ ክፍት ቦታው በጣውላ ተጋረደ። የሳሳ መንጋ ሰፊ ቤት ማሞቅም መጠበቅም አይችልም። የወጡት እንጀራዎች ተለዩ፦ ጠቁረው የከበዱትና ትል የነካቸው ቀልጠው ሰም ሆኑ፤ ነጣ ያሉት ብርሃንና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ተራርቀው ተሰቀሉ። ተደራርቦ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ እንጀራ ለሰም ትል የተዘጋጀ ቤት ነው።

ቀጥሎ ምግብ። 1 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር ፈልቶ ለብ ባለ ውኃ ይበጠበጣል፤ ስኳሩን እሳት ላይ አብሮ ማፍላት አያስፈልግም፣ ካረረም ንቡን ተቅማጥ ያሲዘዋል። ግማሽ ሊትር የሚሆነውን ጎድጎድ ባለ ሳህን አድርጎ፣ ንቡ እንዳይሰምጥ ስንጥር እንጨት አንሳፎ፣ ማታ ቀፎው ውስጥ ማስቀመጥ፤ በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ መድገም። ቀፎው ውስጥና ማታ የተባለው በምክንያት ነው። ደጅ ላይ በቀን የተቀመጠ ጣፋጭ የሰፈሩን ንብ ሁሉ ይጠራል፤ ከዚያ ብርቱው መንጋ ደካማውን ይዘርፋል፣ ጠቡ ወደ ሰውና ወደ ከብትም ይዞራል። ለዚሁ ሲባል በሩም ሁለት ሦስት ንብ ብቻ ጎን ለጎን እስኪያሳልፍ ተጠበበ።

ስኳር ጉልበት ይሰጣል እንጂ እጭ አያሳድግም። ለዚያ ሽሮ ወይም በሶ ያስፈልጋል፤ ጨው፣ በርበሬና ቅመም ያልነካው የባቄላ ወይም የሽምብራ ሽሮ። ደረቁን በጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ስስ አድርጎ፣ ከቀፎው ራቅ ብሎ ጠዋት ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። የአበባ ብናኝ የቸገረው ንብ ዱቄቱን እየተንከባለለበት ይወስደዋል። አበባ ሲመጣ ራሱ ይተወዋል፤ መመገብ ማቆሚያው ጊዜ ያ ነው።

ጥላን በተመለከተ ወንድም ቀፎውን አንሥቶ አቮካዶ ሥር ሊወስደው ፈልጎ ነበር፤ ርቀቱ 15 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ቢደረግ ቀሳሚው ንብ ወደ ቀድሞው ቦታ እየተመለሰ ሜዳ ላይ ይቀር ነበር። ቀፎ የሚነሣው ወይ በየቀኑ ከአንድ እርምጃ በታች እያስጠጉ፣ ወይ በአንድ ሌሊት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ወስዶ ነው። ስለዚህ ቀፎው ባለበት ሆኖ በአራት ቋሚ እንጨት ላይ የሳርና የእንሰት ቅጠል ዳስ ተሠራለት። ጠጠር የተሞላ ውኃ ያለበት ሰፊ ሳህንም አጠገቡ ተቀመጠ፤ ንቡ ጠጠሩ ላይ ቆሞ ይጠጣል።

በልግ ሲገባ ቡናው አበበ። የቡና አበባ ከዝናቡ ሳምንት አለፍ ብሎ ይፈነዳል፤ ለጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚቆየው፤ ግን ለተራበ መንጋ ብዙ ነው። መጋቢት ማብቂያ ላይ 5ቱም ፍሬሞች በእጭ ተሞሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት

ሁለተኛው ዓመት የተመራው በአበባና በዝናብ ነው። እዚህ የምንጽፈው ለሐዋሳና ለአካባቢው የሚሠራውን ነው፤ ደጋ ላይ ያለ ሰው ወሩን ማዛወር አለበት።

ሚያዝያና ግንቦት የመራቢያ ጊዜ ነው፤ ቢሳናው ያብባል፣ መንጋው ይሰፋል። በየ10 ቀኑ የፍሬሞቹ የታችኛው ጠርዝ ይታያል፤ የንግሥት ቤት መሥራት ከጀመሩ ንቡ ሊከፈል ነው። ሦስተኛው ቀፎ እዚህ ደረጃ ላይ ስለደረሰ ሳይበር ቀድመው ከፈሉት፦ እንቁላልና ትኩስ እጭ ያለበት 2 ፍሬም፣ የማርና የብናኝ 1 ፍሬም ከነንቡ፣ ከሌላ ፍሬም የተራገፈ ወጣት ንብ ተጨምሮ ወደ ባዶው ሁለተኛ ቀፎ ገባ። አሮጊቷ ንግሥት በነበረችበት መቅረቷን በዐይን ማረጋገጥ ግድ ነው። ንግሥት ከእንቁላል ተነሥታ በ16ኛው ቀን ትወጣለች፤ ከወንድ ንብ ጋር ለመገናኘትና እንቁላል ለመጀመር ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ትወስዳለች። በዚህ መካከል ቀፎውን እየከፈቱ ማየት ብዙ ጀማሪ የሚወድቅበት ፈተና ነው፤ ንቡ ሲታወክ አዲሷን ንግሥት ራሱ ሊገድላት ይችላል። አንድ ወር ገደማ በሩን ብቻ ማየት ይሻላል። የአበባ ብናኝ ተጭኖ መግባት ከጀመረ እጭ አለ።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ዝናቡ ንቡን ቤት ያውለዋል። ቀፎው ወደ በሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ያዘነብላል፤ ውስጥ የገባ ውኃ እንዲፈስ ነው። ክረምት የጉንዳን ወቅትም ነው። የመቆሚያው አራት እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ቆሙ፤ ንቡ እንዳይሰምጥበት፣ ዝናብም ሞልቶ ዘይቱን እንዳያፈስሰው ከላይ ክዳን ተደረገ። ይህን ሁሉ አድርጎ ንቡን በጉንዳን የሚያጣ ሰው አለ፤ ምክንያቱ አንድ የሳር ዘለላ አድጎ ቀፎውን መንካቱ ነው። ጉንዳን በዚያች ሳር ላይ ይሻገራል። ስለዚህ ሳሩ በየሳምንቱ ይታጨዳል፣ ዙሪያውንም አመድ ይነሰነሳል።

መስከረም ላይ የማር ክፍል ይጨመራል፤ ግን ወሩ ስለደረሰ ብቻ አይደለም። ከ10ሩ ፍሬም 8ቱ በንብ ሲሸፈን፣ የንግሥት ማገጃው (ንግሥቲቱን ወደ ማሩ ክፍል የማያሳልፈው ወንፊት) ከመሃል ሆኖ ይደረባል። ቀድሞ የተደረበ ክፍል የእጩን ሙቀት ይበትናል፤ ዘግይቶ የተደረበ ደግሞ ንቡ ቤቱ ጠብቦት እንዲከፈል ያደርገዋል። ለፍሬሙ የሚገዛውን የታተመ ሰም (ንቡ እንጀራውን የሚገነባበትን መሠረት) መፈተሽም ያስፈልጋል፤ በሞራ ወይም በሻማ የተበረዘ ሰም ሙቀት ሲያገኘው ከሽቦው ላይ ይረግፋል፣ ንቡም ይጠየፈዋል።

ማሩ ኅዳር ላይ ሲቆረጥ ሥራው ከምሽቱ ጀምሮ በደረቅ እበት ጭስ ተሠራ። ከሁለቱ ነባር ቀፎዎች የተወሰደው ቢያንስ ሦስት አራተኛው በሰም የታሸገ ፍሬም ብቻ ነው፤ ያልታሸገው ገና ውኃ ስላለው ተቀምጦ ይቦካል። ከማገጃው በታች ማንም እጁን አላስገባም፤ ከታች ቢያንስ 4 ፍሬም ማር መኖሩ ታይቶ ነው የተዘጋው። አዲስ የተከፈለው ሁለተኛ ቀፎ ምንም አልተቆረጠበትም። ማሩ ካለፈው ዓመት ያንስ ነበር፤ ወንድም ቅር ቢለውም እህት ውሳኔዋን አልለወጠችም፣ ልክም ነበረች።

ከታኅሣሥ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀላል ፈተና ገባ። ቀፎውን ከኋላ በኩል በአንድ እጅ ጥቂት ከፍ ማድረግ ነው። ከባድ ከሆነ ስንቅ አለ፤ ያለ ጭንቅ ከተነሣ ምግብ የሚገባው በዚያው ሳምንት ነው። መክፈትም ጭስም አይጠይቅም። በአጥሩ ላይ ግራዋ በቁርጥራጭ ተተከለ፤ ቶሎ ይበቅላል፣ አበባውም ሌላው ሁሉ በደረቀበት በታኅሣሥና በጥር ነው። በሁለተኛው ዓመት የካቲት ሦስቱም ቀፎዎች ንብ ነበረባቸው።

ያላለቀው ነገር የጫት ርጭት ነው። ጎረቤት ማሳ ላይ ፀረ ተባይ ሲረጭ በሩ ላይ የሞተ ንብ አንድ ጊዜ ተገኝቷል። ስምምነቱ ረጪው ከአንድ ቀን በፊት እንዲናገር፣ የሚረጨውም ንቡ ከገባ በኋላ አመሻሽ ላይ እንዲሆን ነው። መልእክቱ ሲመጣ የቀፎው በር ማታ በወንፊት ሽቦ ይዘጋል፣ ክዳኑ ለአየር ትንሽ ይከፈታል፣ የረጠበ ጆንያ ይለብሳል፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ይከፈታል። ከዚያ በላይ ተዘግቶ በሐዋሳ ሙቀት መዋል የለበትም፤ የታፈነ ብርቱ መንጋ በአንድ ቀትር ያልቃል።